ሠላሳ ሁለት

ግሪምስቢ ወደብ ላይ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣
የእናቴን መጠጥ ቤት በር ገፍቶ ሲገባ፣
ከሰውየው ቀድሞ ሽታው ይደርስ ነበር፤
ክንዱ ላይ የዓሣ ቅርፊት፣ ልክ እንደ አዲስ ብር።
በረዶ ያደነዘዘው ጣቱን እያሸ፣
ሮይስተን ታስከር ከክቡ ሰሌዳ ፊት ቆሞ አመሸ።

እኔ ጠመኔ ያዧ፣ ገና አሥራ ሦስት ዓመቴ፤
መቀነስን ከሱ ነው የተማርኩት፣ የት አውቆት ትምህርት ቤቴ፦
አምስት መቶ አንድ፣ ሲነሣ ከላዩ መቶ ሰማንያ፣
ሦስት መቶ ሃያ አንድ፤ እጄ ነጭ በነጭ፣ የዱቄት ገበያ።
«ሰው ሁሉ» አለኝ አንድ ማታ፣ «ሲሰበስብ ይሞታል፤
እዚህ ግን ባዶው ላይ ቀድሞ የደረሰ ይረታል።

«መጨረሻ ላይ ሠላሳ ሁለት ይቅርሽ፣ ደግ ቁጥር ናት፤
ድርብ አሥራ ስድስትን ለጥቂት ብትስቻት፣
ግማሿን ትተውልሻለች፤
ግማሿም ግማሽ አላት፣ ትጠብቅሻለች፦
አሥራ ስድስት፣ ስምንት፣ አራት፣ ሁለት።
አንድ ላይ ብቻ እንዳትወድቂ፤ አንድ ማለት
ከእንግዲህ የማይካፈል እጦት።»

ጀልባዎቹ ተሸጡ፣ መጋዘኑ ተዘጋ፤
ቢላዋውን ለማን ይሳለው፣ ሌሊቱ ሲነጋ?
ሦስት ዳርት ብቻ ይዞ ባቡር ላይ ተሳፈረ፤
ከሸሚዙ ጀርባ፣ በእናቴ መርፌ፣ ወርቅማ መልሕቅ ነበረ።
ደርቢ። ሃል። ስንደርላንድ። አዳራሹ ሁሉ ጢስ፤
ስሙ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ፣ እንደ ንፋስ።
በቴሌቪዥን አየነው፤ ላቡ ግንባሩ ላይ፣
«አንድ መቶ ሰማንያ!» ሲል ጠሪው፣ ሊቀደድ ሰማይ።
እናቴ ብርጭቆ ጣለች።
ስብርባሪው ላይ ቆማ አጨበጨበች።

ብላክፑል። የፍጻሜው ሌሊት። የቀረው ሠላሳ ሁለት።
ከዋንጫው የለየው ስምንት ጫማ የማይሞላ ርቀት።
ክንዱን አነሣ።
አነጣጠረ።
ጣቱ ግን «አልለቅም» አለ፤ እንደተጨበጠ ቀረ።
ዳግመኛ አነሣ፣
ዳግመኛ ቀረ።
አዳራሹ መጀመሪያ ሣቀ፤ ቀጥሎ ዝም አለ፤
ዝምታው ከሣቁ ይልቅ ገደለ።
የነብር ጭራ አይያዝም፣ ከተያዘም አይለቀቅ፤
ሃያ ሁለት ግራም ብረት፣ ሰውየውን ይዞ ጥብቅ።

ሐኪሙ ክንዱን አገላበጠ፤ «ጤነኛ ነው» አለ።
ሮይስተን አመስግኖ ወጣ፤ የመኪናውን በር መክፈት ግን ተሳነው።

ከዚያ ወዲያ ኑሮው የማካፈል ሒሳብ፤
ሁለት ሺህ የነበረው ሕዝብ፣ በአንዲት እልፍኝ የሚሰበሰብ።
ሚስቱ ዶሪን ቤቱን አጋምሳ ሄደች፤
የማይጋመሰውን ውሻ ለሱ ተወች።
የመልሕቁ ክር ተተረተረ፣ አንድ ጥፍሩ ቀረ፤
እሱ ግን በየገጠሩ ክበብ፣ ለራት ዋጋ፣ ሲወረውር ኖረ።

ዛሬ መጠጥ ቤቱ የኔ ነው፤ እስከ ነገ ብቻ።
አፍራሾቹ ቀይ ቀለም ቀብተዋል በግድግዳው ዳርቻ።
ማታ መጣ። በግራ እጁ ነው የሚወረውር አሁን፤
ጠመኔ አነሣሁ፤ ማናችንም አልጠራንም የዚያን ሌሊት ስሙን።
ሠላሳ ሁለት ላይ ሳተ፤ አሥራ ስድስት።
ስምንት። አራት።
ሁለት።
ክንዱ እንደ አሮጌ በር ተንቀጫቀጨ፤ ወረወረ፤
ጫፏ ለፀጉር ወደ ውስጥ ገባች፣ አንድ ቀረ።

ሕጉን ሁለታችንም እናውቃለን፦
የወደቀ ወደ ነበረበት ይመለሳል፣
ተራው ለባላጋራ ያልፋል።
«አንድ» ያልኩትን በእጅጌዬ ጠረግሁት፤
«ሁለት» ብዬ መልሼ ጻፍሁት።

ዝናብ መስኮቱን ይመታል። የዚያ ውሻ የልጅ ልጅ
ከወንበሩ ሥር ያንቀላፋል።
ሮይስተን ዞር ብሎ ከኋላው አየ፤
ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል።
«ተራው የማን ነው?» አለ።

«ያንተ ነው» አልኩት።